ሮሃ ባንድና የ‹‹ወርቃማው ዘመን›› ክርክር

ሮሃ ባንድ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ገናና ከነበሩት ባንዶች አንዱ ነው። የወጣው ከአይቤክስ ባንድ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ከላሊበላ ከተማ ጥንታዊ መጠሪያ ነው። ካሴት በየቤቱ በገባበት ጊዜ፣ ከዘፋኙ ፎቶግራፍ ሥር የሮሃ ስም ያልታየበት የሙዚቃ ቤት መደርደሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ባንዱ ያጀባቸው አልበሞች ከ200 በላይ እንደሆኑ በሙዚቀኞች ዘንድ ይነገራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮሃ የተወደደውን ያህል የተናቀም ባንድ ነው። የሙዚቃ ወዳጆች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ አንዱ ሮሃን ያነሣ እንደሆነ፣ ጓደኛው የሚሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ሙዚቃችን የሞተው የትንፋሽ መሣሪያው ወጥቶ ኦርጋን ሲገባ ነው ይላል። የካሴት ዘመን ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ይላል። ሮሃ የራሱ መልክ የሌለው፣ ለመጣ ዘፋኝ ሁሉ የሚጫወት አጃቢ ነበር ብሎም ይዘጋዋል። ከእነዚህ ክሶች በአንዱ ውስጥ እውነት አለ፤ የቀሩት ግን ሙዚቃው የተሠራበትን ሁኔታ ካለማወቅ የመጡ ናቸው። ነገሩን ለመዳኘት ትንፋሹ ከየት እንደመጣ፣ ማን ይነፋው እንደነበር፣ ለምንስ ዝም እንዳለ በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል።

ዛሬ ‹‹የእኛ›› ተብሎ የሚናፈቀው የትንፋሽ ድምፅ በአንድ ወቅት ፍጹም የባዕድ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ልከው ነበር፤ ሥር የያዘው ጅምር ግን በ1924 የመጣው ነው። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሰሙና አርባውን ልጆች ከመምህራቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በታሪክ ‹‹አርባ ልጆች›› የሚባሉት እነርሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር፤ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፈለትን የዘውዱን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እርሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱንና በ1955 የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች አሠልጥኗል፤ ባለ አምስት ድምፁን የአገር ዜማ በብዙ መሣሪያ ማቀናበርን ካስተማሩት ሰዎች መካከል ቀዳሚው ነው።

ትንፋሹ ያደገው በመንግሥት እጅ ነው። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦር እያንዳንዳቸው ባንድ ነበራቸው። ሙዚቀኛው ወታደር ነው፤ ማዕረግ አለው፣ ደመወዝ ይቆረጥለታል፣ መሣሪያው የመንግሥት ነው፣ ልምምዱም ግዳጅ ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አህመድ ከክብር ዘበኛ፣ አለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ ከፖሊስ የወጡት በዚህ ሥርዓት ነው። ዐሥር ዐሥራ አምስት ሰው በአንድ መድረክ ላይ ማቆም የተቻለውም የገበያ ሒሳብ መንግሥትን ስለማያስጨንቀው ነበር። ይህን ልብ ማለት ለኋላው ክርክር ይጠቅማል፤ ትራምፔቱንና ትሮምቦኑን የሚቀልበው የሠራዊቱ በጀት እንጂ የአድማጩ ኪስ አልነበረምና።

ያም ሆኖ ይህ ሙዚቃ በዘመኑ ያለ ነቀፋ አላለፈም። መሰንቆና ክራር የለመደ ጆሮ ሳክስፎንን እንደ ፈረንጅ ጩኸት ይሰማው ነበር። በ1960ዎቹ አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ በሚተላለፈው ሬዲዮ አማካይነት የሶል ሙዚቃ ወደ ወጣቱ ሲደርስ ነቀፋው በረታ፤ ጸጉሩን ያጎፈረና እንደ ጄምስ ብራውን የሚጮህ ዘፋኝ ኩረጃ ላይ ነው ተባለ። ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተኑ በርክሊ ተምሮ፣ በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ሸክላ አሳትሞ ከተመለሰ በኋላ ቅኝቶቹን ከጃዝ ጋር ሲያዋህድ የገጠመው ተቃውሞም ቀላል አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ ኦርጋን ላይ የሚሰነዘረው ክስ መጀመሪያ የተሰነዘረው ዛሬ ‹‹ወርቃማ›› በሚባለው ድምፅ ላይ ነው።

ከመንግሥት ባንዶች ጎን ለጎን የግል ባንዶች የበቀሉት በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ነው። ሶል ኤኮስ፣ ቬነስ፣ ኋላም ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክ የሚባሉት በዚህ መንገድ መጡ። ሸክላ የማሳተም መብት በ1948ቱ የንጉሡ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ወጣቱ የሙዚቃ ቤት ባለቤት አምሃ እሸቴ ግን በ1969 ትእዛዙን ተዳፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። መንግሥት አልከሰሰውም፤ ሌሎችም ተከተሉት። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ነጠላ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ፣ በሁለቱም ሁለት ዘፈን ብቻ ይይዛል። ሁለት ዘፈን ለማሳተም የተዘጋጀ ባንድ በሁለት ዘፈን ላይ ብዙ ቀን ሊለማመድ ይችላል፤ ይህም ሲሰማ ይታወቃል።

ዋልያስና አይቤክስ የግል ባንዶች ዘመን ሁለት ምሰሶዎች ናቸው። ሁለቱም በአንድ እንስሳ ስም መጠራታቸው አስቂኝ አጋጣሚ ነው፤ ዋልያ የአይቤክስ ዓይነት ነውና፣ ፉክክሩ የአንድ ተራራ ፍየሎች ፉክክር ይመስል ነበር። ዋልያስ ከኦርጋኒስቱ ኃይሉ መርጊያ ጋር ሂልተን ሆቴልን ይዞ፣ በራሱ ገንዘብ መሣሪያ ገዝቶ ከክበብ ባለቤቶች እጅ ወጣ። የአይቤክስ መድረክ ደግሞ ራስ ሆቴል ነበር። የአይቤክስ አከርካሪ ሁለት ከአስመራ የመጡ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ባሲስቱ ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም። ሳክስፎን የሚነፋው ፈቃዱ ዓምደመስቀል ነው። ሰላም ስዩም የኋላ ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና እድገት ነው። የሚጫወተውን ነገር ታሪክ ራሱ መዝግቦ ያስቀመጠ ጊታሪስት በየትም አገር ብዙ አይገኝም።

አይቤክስ በ1975 ከማሕሙድ አህመድ ጋር ‹‹ኧረ መላ መላ››ን ቀረጸ። ሸክላው የወጣው በሙዚቃ ንግድ ስሙ የታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ ባቋቋመው በካይፋ ሪከርድስ በኩል ነው። በዚህ ሥራ ላይ ትንፋሽም አለ፣ ኦርጋንም አለ፤ አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቅለታል። ባሱ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለስበታል፣ ጊታሩ በባሱ ክፍተቶች ውስጥ እየገባ እንደ ክራር ይቆረጣጥማል፣ ሳክስፎኑ ማሕሙድ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ብቅ ብሎ ይመለሳል። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ1986፣ ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅግ አሳታሚ ይህንኑ ስብስብ አውሮፓ ውስጥ አወጣው፤ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በምዕራባውያን አድማጭ ዘንድ ስሙ የተጠራው በዋናነት ከዚያ በኋላ ነው። አይቤክስ በ1976 ደግሞ በራስ ሆቴል አዳራሽ ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ሙዚቃዎችን ቀርጿል። እነዚህ ቅጂዎች ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተው ዳግም ለአድማጭ ቀርበዋል።

ለሮሃ ክርክር ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ‹‹ኧረ መላ መላ››ን እንደ ዕንቁ የሚያነሣውና ሮሃን የሚያናንቀው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። በሁለቱም ላይ የሚሰማው ባስ ግን የጆቫኒ ሪኮ ነው፣ ጊታሩም የሰላም ስዩም ነው። አይቤክስ ስሙን ለውጦ ሮሃ ሲሆን አስኳሉ አልተበተነም። ታዲያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእነዚያው ሰዎች ችሎታ ሟሸሸ ማለት አይቻልም፤ የተለወጠው የሚሠሩበት ሁኔታ ነው።

የሁኔታው ለውጥ የጀመረው በ1974ቱ አብዮት ነው። ክብር ዘበኛ ፈረሰ፤ ባንዱም አብሮት ተበተነ። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ትላልቅ ሆቴሎችም ወደ መንግሥት ሲዞሩ የምሽት ክበብ ነጋዴ እግሩ ተነቀለ። አምሃ እሸቴ በዚያው ዓመት አገር ለቆ አሜሪካ ገባ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቱን መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ለሕይወቱ ዋስትና አልነበረውም። በሂልተን የዋልያስን ሙዚቃ ሊሰማ የገባ እንግዳ እላፊው እስኪነሣ ድረስ እዚያው ማንጋት ነበረበት፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። ከሆቴል ውጭ ያለው የሌሊት ሕይወት ግን ደረቀ። የሠለጠነ ትንፋሽ ነፊ በየቀበሌውና በየክፍለ ጦሩ ወደተደራጀው ኪነት ገባ፣ አለዚያም ሙያውን ተወ፣ አለዚያም ተሰደደ። ዋልያስ ራሱ በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ኃይሉ መርጊያንና ግርማ በየነን ጨምሮ ከፊሎቹ ሙዚቀኞች እዚያው ቀሩ። ከአይቤክስ ጋር ትዘፍን የነበረችው አስቴር አወቀም አሜሪካ የገባችው በዚሁ ዓመት ነው።

ሸክላውም በዚያው ሰሞን ሞተ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ ሸክላ መታተም ቆመ፤ ቦታውን ካሴት ወረሰው። ሸክላ ውጭ አገር ታትሞ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን የሚመጣ ዕቃ ነበር፤ ካሴት ግን በሙዚቃ ቤቱ ጓዳ በሁለት ቴፕ የሚባዛ ነው። ዋጋው ረከሰ፣ ገጠር ገባ፣ በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራ ቴፕ ጋር እስከ ገበያው ድረስ ደረሰ። በአንጻሩ ማንም ሊያባዛው ስለሚችል አሳታሚው ትርፉን የሚሰበስበው አልበሙ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ገበያው የቀጂዎች ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ2004 ነው፤ ሮሃ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ሙዚቀኛውን በተግባር የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። አሳታሚ ስለዚህ የሚፈልገው ሦስት ነገር ሆነ፤ ቶሎ የሚያልቅ፣ በጥቂት ሰው የሚሠራና አስተማማኝ የሆነ ባንድ።

ካሴት የዘፈኑን ብዛትም ለወጠ። የስድሳ ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል፤ ሁለቱን ገጾች ለመሙላት ዐሥር ያህል ዘፈን ያስፈልጋል። በሸክላው ጊዜ ሁለት ዘፈን አቀናብሮ ያርፍ የነበረ ባንድ አሁን ለአንድ ዘፋኝ ብቻ አምስት እጥፍ ይሠራል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ዘፋኝ ይጠብቀዋል። ማሕሙድና ጥላሁን ከአንጋፋዎቹ፣ ኤፍሬም ታምሩና ንዋይ ደበበ ከአዲሶቹ፣ ሁሉም ወደዚያው ባንድ ይመጣሉ።

አሠራሩ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ፍርዱን ያቀላል። ዘፋኙ ዜማውንና ግጥሙን ይዞ ወደ ልምምድ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው በራሱ ድምፅ አንጎራጉሮ ነው እንጂ በኖታ የተጻፈ ወረቀት አይደለም። ግጥሙ በሳንሱር በኩል ማለፍ አለበት። አቀናባሪው ቅኝቱን ይለያል፤ ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው ወይስ አንቺሆዬ? ከዚያ ለዘፋኙ ድምፅ የሚመች ቁልፍ ይመረጣል፣ መግቢያው ይፈጠራል፣ በአዝማችና በአዝማች መካከል ያለው የመሣሪያ ድርሻ ይከፋፈላል። ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድና በቅንብር ስሙን የተከለው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። ቀረጻው ሲደርስ ባንዱና ዘፋኙ አብረው ይጫወታሉ፤ እንደ ዛሬው እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ቀርጾ በኋላ ማረም የለም። ከበሮው በአራተኛው ደቂቃ ላይ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይነሣል። በዚህ መልክ ዐሥር ዘፈን በጥቂት ቀን ጨርሶ መውጣት የሚችል ባንድ ጥብቅ ልምምድና ለዓመታት አብሮ የመኖር ትውውቅ ያለው ብቻ ነው።

የትንፋሽ ክስ ከዚህ አንጻር ሲታይ ሮሃ ላይ ብዙም አይጸናም። በመጀመሪያ ነገር ሮሃ ትንፋሽን አላባረረም፤ የፈቃዱ ዓምደመስቀል ሳክስፎን ከአይቤክስ ወደ ሮሃ ተሻግሯል። የጠፋው የትራምፔትና የትሮምቦን ረድፍ ነው፤ ያም የጠፋው የሚቀልበው ተቋም ስለፈረሰ ነው። ለዐሥራ አምስት ሰው የሚከፍል የግል አሳታሚ በዚያ ዘመን አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ኦርጋኑ ያን ክፍተት መሙያ ሆኖ ገባ። ሌባ ተብሎ የተከሰሰው፣ ባለቤቱ ጥሎት በሄደው ቤት ገብቶ መብራት ያበራው ነው።

‹‹ሁሉም አንድ ዓይነት ነው›› የሚለው ክስ ትንሽ ጠለቅ ያለ መልስ ይፈልጋል። አንድ ባንድ የአገሩን ዋና ዋና ዘፋኞች ሁሉ ሲያጅብ፣ የባንዱ ድምፅ የዘመኑ ድምፅ ይሆናል፤ አድማጭም የባንዱን መልክ የዘመኑ መልክ አድርጎ ስለሚለምደው ባንዱን ለይቶ መስማት ያቆማል። ነቃፊው የሮሃ መልክ የለም የሚለው መልኩ የትም ስላለ ነው። ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው ዘፋኙን ለጊዜው ትቶ ባሱን ብቻ ተከትሎ አንድ ካሴት ቢሰማ ይበቃዋል። የጆቫኒ ሪኮ ባስ የከበሮን ምት የሚደግፍ ብቻ አይደለም፤ በስድስት ምት በሚሄደው ችክችካ ውስጥ ከዘፋኙ ዜማ ጎን ሁለተኛ ዜማ ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ጠበቅ ባለው ምት ላይ ዝም ብሎ ከኋላው ይገባል። ጊታሩ በበኩሉ ኮርድ ደርድሮ ከመቀመጥ ይልቅ የክራርን አመታት ይከተላል። ይህ አጨዋወት በዳህላክ ባንድም ሆነ በኢትዮ ስታር ባንድ በዚያ መልኩ አይገኝም። ዳህላክ ከሙሉቀን መለሰ ጋር የሠራውን አንድ ካሴት ከሮሃ ካሴት ጋር አከታትሎ የሰማ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልገውም።

ለመጣ ሁሉ ይጫወት ነበር መባሉም እንደ ነውር ሊቆጠር አይገባም። የክብር ዘበኛ ባንድም ለመጣ ዘፋኝ ሁሉ ይጫወት ነበር፤ የፖሊስ ባንድም እንዲሁ። በኢትዮጵያ የባንድ ታሪክ ውስጥ ባንድ ማለት አጃቢ ማለት ነው፤ ያለ ዘፋኝ በራሱ ስም የሚቆም ባንድ ልዩ ነገር ነው እንጂ ደንቡ አይደለም። በዚያ ልዩ ነገር ውስጥ ደግሞ አይቤክስ በ1976 የቀረጸው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራ ከዋልያስ ሥራዎች ጋር በግንባር ቀደምትነት ይቆጠራል።

እውነት ያለበት ክስ ኪቦርድን የሚመለከተው ነው። መሰንቆ መቺ ድምፁን የሚያገኘው በጣቱ ነው፤ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ቦታ ሁሉ ይገዛዋል። ክራርም በተጫዋቹ ጆሮ ይቃኛል። የኪቦርድ ቁልፍ ግን በፋብሪካ የተወሰነ ነው። ባቲና ትዝታ ይህን በመጠኑ ይችሉታል፤ አንቺሆዬ ግን በቁልፍ ላይ ሲገባ ጠርዙ ይላጫል። በዚያ ላይ በኪቦርድ የሚወጣው የትራምፔት ድምፅ ማንንም አያታልልም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከወጡት ካሴቶች፣ የሮሃዎቹን ጨምሮ፣ አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ዛሬ ሲሰሙ ቀጭን ናቸው። ሮሃን ከብዙዎቹ የሚያስበልጠው የሚታጠፍ ድምፅ ያላቸውን መሣሪያዎች፣ ማለትም ጊታሩንና ሳክስፎኑን፣ ከኪቦርዱ ጎን ማቆየቱ ነው። ከእርሱ በኋላ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ከበሮውንም፣ ባሱንም፣ ትንፋሹንም ደርቦ የሚሠራበት ጊዜ መጣ። ብዙ ነቃፊዎች በሮሃ ላይ የሚያወርዱት ቁጣ በሚገባ ሲመረመር የሚገባው ለዚህ ለኋላኛው ዘመን ነው።

የ‹‹ወርቃማ ዘመን›› ወሰንም ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይገባል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮም ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፓሪስ አሳታሚ በኩል ‹‹ኢትዮፒክስ›› የተሰኙትን ተከታታይ ስብስቦች አወጣ። ውለታው ትልቅ ነው፤ ብዙ ሸክላ ከመጥፋት ድኗል። የመጀመሪያው ስብስብ ግን በርዕሱ ላይ ወርቃማዎቹን ዓመታት ከ1969 እስከ 1975 ብሎ ከለላቸው። ይህ ወሰን የአምሃ ሪከርድስ ዕድሜ ነው፤ የአንድ አሳታሚ መዝገብ የተከፈተበትና የተዘጋበት ዓመት የአንድ አገር ሙዚቃ ልደትና ሞት ሆኖ ተወሰደ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ‹‹ብሮክን ፍላወርስ›› የሙላቱን ሙዚቃ ለዓለም ካሰማ በኋላ ወሰኑ ይበልጥ ጸና። የውጭ አድማጭ ከወሰኑ ማዶ ያለውን አልሰማም፤ የከተማውም ወጣት የውጩን ፍርድ መልሶ ተዋሰ። በካሴት ያደገው፣ ሰርጉን በሮሃ የደገሰው፣ ፍቅሩን በንዋይና በኤፍሬም የተናገረው ትውልድ ግን ወርቁ የት እንደነበር በራሱ መንገድ ያውቃል።

ወሰኑን ያናጋው ያልተጠበቀ ነገር ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በሪትም ማሽን ብቻውን የቀረጸው ‹‹ሸሞንሟናዬ›› የተባለ ካሴት በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚ ዳግም ወጣና በአውሮፓና በአሜሪካ ተወደደ። ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረው ሙዚቀኛ ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ በዚያው በሚናቀው ዘመን፣ በዚያው በሚናቀው መሣሪያ የተሠራ ነው። ኪቦርድ በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጉዳዩ በማን እጅ እንደገባ መሆኑ የታየው በዚህ ነው።

ሮሃ ከጊዜ በኋላ አባላቱ ወደ ውጭ ሲበተኑ እንደ ባንድ ቀዘቀዘ፤ ሰላም ስዩምም ኑሮውን አሜሪካ አደረገ። የሸክላዎቹ ሥራዎች ከነአጃቢዎቻቸው ስም በመጽሔትና በዳግም ኅትመት ሰፍረዋል። የካሴቶቹ ግን በአብዛኛው አልሰፈሩም፤ ከበሮውን ማን እንደመታ፣ ቅንብሩን ማን እንደሠራ የሚናገረው ብዙ ጊዜ የሽፋኑ ወረቀት ብቻ ነው፣ የካሴቱ ክር ደግሞ በየዓመቱ እየደከመ ይሄዳል። አሮጌ ካሴት ያለው ሰው ከመጣሉ በፊት ሽፋኑን ፎቶ ያንሣ፣ ድምፁንም ወደ ኮምፒውተር ይገልብጥ፤ የሮሃን ዋጋ በተመለከተ የሚደረገው ክርክር በማስረጃ ሊካሄድ የሚችለው ያ ሲሆን ነው።